ጋሽ ዛብሎንና የክፍል ስድስት ወንዶች

ጋሽ ዛብሎን ማረፉን የነገረችኝ ባለቤቴ ትርሲት ናት። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሰምታ፣ የያዘችውን ዘንቢል በሩ ሥር ጥላ ገባችና «ጋሽ ዛብሎን ዐረፈ» ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት። ሌላ ሰው የሞት ዜና ሲሰማ መጀመሪያ ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ዕንባዋን እያየሁ «ለእኔስ እንዲህ ታለቅስ ይሆን?» አልኩ በሆዴ። ጡረታ ልወጣ ምንም ያህል ያልቀረኝ ሰው ነኝ፤ ሟቹም ሰባ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ እንኳ ከሰውዬው ጋር ፉክክር ላይ ነበርኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ።

ይህን ሰው ለማስረዳት ከበሽታው መጀመር አለብኝ። ወንዶች አፍ አውጥተው ስለማይናገሩት በሽታ ማለቴ ነው፤ ከታች ስለሚያቃጥለው፣ ስለሚያሳክከው፣ ጠዋት ውስጥ ሱሪ ላይ ስለሚታየው ፈሳሽ። ከጂንካ እስከ ዲመካ ባለው አገር ይህ ነገር የያዘው ወንድ ሁሉ የሚሄደው ወደ ጋሽ ዛብሎን ነበር። ለሚስቱ ሳይናገር፣ ለወንድሙ ሳይናገር፣ ለፓስተሩ ሳይናገር እሱ ዘንድ ይሄድ ነበር።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከሻሸመኔ ነው። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከአውሮፕላን ሜዳው ፊት ለፊት ነበር። ሜዳው ያን ጊዜ ከተማው መሐል የተንጣለለ ሣር ነው፤ በአዘቦት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ሰው ወደ ገበያ ያቋርጥበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ጡሩምባ ይነፋና ከብቱም ሰዉም ይባረራል። እኔ ክፍል አራት ተሰጠኝ። ክፍል ስድስት ውስጥ ጋሽ ዛብሎን ነበር፤ የጤና ረዳት፣ በትምህርት ከእኔ በታች፣ በደመወዝም ከእኔ በታች። ይህን ያነሣሁት አሁንም ስለሚከነክነኝ ነው።

አጭር፣ ትከሻው የሰፋ የአሪ ሰው ነበር። አሪኛ፣ ሐመርኛና አማርኛ ይናገራል፤ በሦስቱም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። መነጽሩን በጋውኑ ጫፍ የመወልወል ልማድ ነበረው። መጀመሪያ መነጽሩ የቆሸሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚወልውለው ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሊናገር ሲል ነው። መነጽሩን ካወለቀ ፊት አጥርቶ አያይም፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል፤ በሽተኛው ያን ጊዜ ይናገራል።

አቀማመጡም የራሱ ነበር። እኛ ሁላችንም ጠረጴዛ መሐል አድርገን ከበሽተኛ ጋር ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። እሱም እንደዚያ ነበር አሉ፤ አንድ የበና ሰው እስኪመጣ ድረስ። የበናና የሐመር ወንዶች በርኮታ የሚሏትን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ይዘው ነው የሚዞሩት። ያ ሰው የተሰጠውን ወንበር እንቢ ብሎ በርኮታውን ይዞ ጠረጴዛውን ዞረና ከጋሽ ዛብሎን ጎን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች እያየ፣ ለሁለት ዓመት የደበቀውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዛብሎን ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግቶ ራሱ በርኮታ ገዛ፤ በሽተኛውን ጎኑ ያስቀምጥና ሁለቱም ወደ ሜዳው እያዩ ያወራሉ።

ከአፉ የማይጠፉ ሁለት ንግግሮች ነበሩት። አንደኛው «ሳላይ ስም አልሰጥም» ነው። ወንዱ «ጨብጥ ይዞኛል» ብሎ ቢገባ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልይ፤ ሳላይ ስም አልሰጥም» ይለዋል። ሁለተኛው «ሚስትህን ከመጠየቅህ በፊት ሳሙናህን ጠይቅ» የሚለው ነው። በዚህ የተነሣ ከኋላው «ጋሽ ሳሙና» እንለው ነበር። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄዎቹ ያስቁኝ ነበር። በምን ታጠብህ? ምን ቀባህበት? ጎረቤት የሰጠህ ቅባት አለ? ስንት ቀን በሞተር ሄድክ? ኮንዶም ስታደርግ ነው የሚያሳክክህ ወይስ ሳታደርግም? ሽንት የሸናህበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል? ጠዋት ጠዋት እየጨመቅህ ታያለህ? ስለ ሴት የሚጠይቀው እነዚህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።

ሞኝ እንዳልነበረ ግን አውቅ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የዲመካ መስመር የአይሱዙ ሹፌር መግል የመሰለ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ይዞት ሲመጣ፣ ስለ ሳሙና አንድ ቃል አልተናገረውም። «ይኼ የሳሙና አይደለም፤ ይኼ ጨብጥ ነው» ብሎ እዚያው መድኃኒቱን ሰጠው፣ ሚስቱንም አስመጥቶ አሳከመ። ዲመካ ያለችውን ሌላዋን ሴት ደግሞ በገበያ ቀን ለክትባት እንደሚሄድ አስመስሎ በሚኒባስ ሄዶ ራሱ አከማት። ማንም ሳይሰማ አለፈ። ይህን ከዓመታት በኋላ የነገረኝ ሹፌሩ ነው። ሦስት ጊዜ የፈንገስ ቅባት ተሰጥቶት ሦስቴም የተመለሰበትን አንድ መምህር ደግሞ ስለ ጉንዳኑ ጠይቆ፣ «አዎ፣ ይሰበሰባል» ሲለው ደሙን አስመረመረው፤ ስኳር ኖሮበት ነው።

ትርሲት የቀይ አፈር ልጅ ናት። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር፤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። እንግዲህ አስቡት። አንድ ወንድ መስኮቷ ላይ ይቆማል። «ምንህን ነው ያመመህ?» ትለዋለች። «ወገቤን» ይላል። ወገቤን ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት ከጣለ፣ የገዛ ሚስቴ ካርዱ ላይ ስድስት ቁጥር ትጽፋለች። እኔ ክፍል አራት በር ላይ ቆሜ ወንዱ ሁሉ አልፎኝ ሲሄድ አያለሁ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ለምን ወደ እኔ እንደማትልክ ጠየቅኋት። «ጋሽ ዛብሎን ሰው ሲያናግር ያዳምጣል» አለችኝ፤ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀናም አላለች። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንድ ሳምንት ትርሲት ፈቃድ ወጥታ በእሷ ቦታ የተተካችው ልጅ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ፣ አንድ የአሪ ገበሬ ወደ እኔ መጣ። ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ብልቱ ቀልቷል። ግድግዳዬ ላይ ከዞን የመጣ ሰንጠረዥ ተለጥፎ ነበር፤ ፈሳሽ ካለ ለጨብጥና አብሮት ለሚመጣው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ስጥ፣ ባለቤቱንም ጥራ ይላል። ሰንጠረዡ መጥፎ አልነበረም፤ ብዙ ሰው አድኗል። ፈሳሹን አይተህ አረጋግጥ የሚል ሣጥንም ነበረው፤ እኔ ያንን ሣጥን እዘለዋለሁ፣ የሰው ሱሪ ማስወለቅ አልወድም። «ፈሳሽ አለህ?» አልኩት፤ «አዎ» አለኝ። ነርስ ሲጠይቀው «የለኝም» የሚል ገበሬ የለም። መድኃኒቱንና «ባለቤትህን ይዘህ ና» የሚል ወረቀት ሰጥቼ ሸኘሁት።

ወረቀቱን ሰፈር ውስጥ የሚያነብለት ሰው ጮክ ብሎ አነበበለት። በሦስተኛው ቀን የሴትዮዋ ወንድሞች «እህታችንን ጋለሞታ አስባላት» ብለው ይዘዋት ሄዱ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ ዛብሎን ሰምቶ ገበሬውን አስጠራውና ከምንም በፊት መዳፉን ገልብጦ አየ። ሰውዬው ያን ሰሞን ሚጥሚጣ ሲለቅም ሰንብቷል፤ ሽንት ሲመጣበት እጁን ሳይታጠብ ነው የሚሄደው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ጋሽ ዛብሎን በእግሩ እስከ ሴትዮዋ ወንድሞች ቤት ሄደ። «ጤና ጣቢያው ተሳስቷል፤ ይቅርታ አድርጉልን» አላቸው አሉ። ሰለሞን ተሳስቷል አላለም፤ ጤና ጣቢያው ነው ያለው። ስሜን ጠርቶ ቢያዋርደኝ ኖሮ እጠላውና አርፍ ነበር። አልጠራውም። ሰኞ ሲያገኘኝም እንደ ወትሮው እጄን ጨብጦ ስለ ዝናቡ አወራኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ያደርኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቅናቴ መልኩን ቀየረ። ሰውዬው ሥራዬን ወስዶብኛል፤ ሚስቴንስ የማይወስድበት ምክንያት ምንድነው? እንዲህ ነበር የማስበው። ትርሲት ካርድ ይዛ ወደ ክፍል ስድስት ስትሄድ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ስትስቅ በማን ቀልድ እንደሳቀች ለማወቅ እሞክራለሁ። እሱ የአምስት ልጆች አባት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ምንም አላረጋጋኝም፤ እንዲያውም «ማን ይጠረጥረዋል?» አልኩ።

ከትርሲት ጋር በተኛሁ ቁጥር ተነሥቼ መታጠብ ጀመርኩ። በሽታ ብታመጣብኝስ ብዬ ነው። በውኃና በሳሙና አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ዕቃ የምንነክርበትን በረኪና በጠርሙስ ይዤ መጥቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሽንት ቤት ገብቼ፣ የመጣ ነገር እንዳለ ለማየት እጨምቃለሁ። አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መጣ። ጫፉ ቀላ፤ ሽንት ሲወጣ ያቃጥላል፤ ስጨምቀው የሚያጣብቅ ውኃ መሳይ ፈሳሽ ይወጣል። ያን ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ የተሰማኝን ነገር ብናገር ሰው አያምነኝም። ደስ አለኝ። እንዳልተሳሳትኩ አረጋገጥኩ። ማስረጃዬን በእጄ ይዣለሁ።

ሰንጠረዡ የሚያዘውን መድኃኒት ራሴ ለራሴ ወሰድኩ። ለውጥ የለም፤ መታጠቡንም መጭመቁንም ስላልተውኩ። ደገምኩት። ለትርሲትም የእሷን ድርሻ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣሁላትና፣ «አሜባ ታይቶብኛል፤ አንቺም ውሰጂ» አልኳት። መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሰገራዬ ሳይታይ?» አለችኝ። «እኔ እያወቅሁ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በክፍል ስድስት መስኮት ሳልፍ ትርሲትን አየኋት። ወንድ ብቻ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋሽ ዛብሎን ጎኗ በርኮታው ላይ ነው፤ ሁለቱም ወደ ሜዳው ያያሉ። እሱ መነጽሩን ይወለውላል። በቃ አልኩ። ማታ ቤት ስንገባ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት «ሐሙስ ወደ ቀይ አፈር በሚሄደው የገበያ መኪና እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አልኳት።  ልብሷን እያወጣች ማጠፍ ጀመረች፤ ታጥፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ዘርግታ ታጥፋለች። ሰኞ ማታ ነበር።

ረቡዕ ልደበድበው ክፍል ስድስት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይጠይቀኝ ወንበሩን ወደ ጎኑ ሳበልኝ። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ምናልባት ያን ወንበር ሁልጊዜ እመኘው ስለነበረ ይሆናል። ጡሩምባው ተነፍቶ ከብቶቹን ሲያባርሩ ሁለታችንም አየን። አውሮፕላኗ ወርዳ ሣሩ ላይ ስትንከባለል መነጽሩን አወለቀ።

«ያቃጥላል?» አለኝ።

«ያቃጥላል» አልኩት። ልደበድበው የገባሁት ሰውዬ ነኝ።

ሳላይ ስም አልሰጥም ብሎ አየኝ። ሽንቴን ራሱ ይዞ ላቦራቶሪ ሄደ፤ እስኪመለስ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ሜዳውን አየሁ። ተመልሶ ተቀመጠ። በማይክሮስኮፕ የታየ ነገር እንደሌለ፣ ሽንቴም ስኳር እንደሌለው ነገረኝ። ከዚያ በምን እንደምታጠብ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጨምቅ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። 

«በበረኪና መታጠብ የጀመርከው ፈሳሹ ከመጣ በኋላ ነው? ወይስ በፊት?» አለኝ።

ክፍል አራት ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን መልሱን ከተናገርኩ የገነባሁት ሁሉ እንደሚፈርስ ወዲያው ገባኝ።

«በፊት» አልኩት።

«ሳያምህ ለምን ታጠብህ እንግዲህ?»

ከአንተ የተነሣ ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እሱ መነጽሩን ይወለውላል፤ የጠራውን መስታወት ደጋግሞ ይወለውላል።

«ለእኔ አትመልስልኝ» አለኝ በመጨረሻ። «መመለስ ላለብህ ሰው መልስ። ሁለት ሳምንት በውኃ ብቻ ታጠብ። አትጭመቅ፤ የተጨመቀ ነገር ፈሳሽ ያወጣል፣ ምንም ባይኖርበት። ካልተወህ ተመልሰህ ና፣ ለተሻለ ምርመራ አርባ ምንጭ እንልክሃለን። ነገ መኪና የሚሳፈር ሰው ካለ ደግሞ ይቆይ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር እንደገና ነደድኩ። ሐሙስን ማን ነገረው? ትርሲት ናት። ለእኔ አንድ ቃል ያልተናገረች ሴት ለእሱ ነግራዋለች። ቢሆንም ቤት ሄጄ «ነገ አትሄጂም» አልኳት። ያጠፈችውን ልብስ ወደ ሣጥኑ መለሰች። በአሥረኛው ቀን ማቃጠሉም ፈሳሹም ጠፋ። እኔም አፌን ዘጋሁ። አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ልጆች ወለድን፣ ቤት ሠራን፣ ልጆቹ አደጉ፤ እኔም ያን ቀን ሳላመጣው ቀረሁ።

ጋሽ ዛብሎን ጡረታ ሲወጣ ክፍል ስድስት ለእኔ ተሰጠ። ጠረጴዛውን ግድግዳ እንዳስጠጋው ተውኩት። ዲመካ ገበያ ሄጄ በርኮታ ገዛሁ። የእሱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ማስወለቅ የማልወደውን ሱሪ አስወለቅሁ፤ ሰዎች ዳኑ። ወንዱ ግን ክፍል ስድስት እኔ ዘንድ ይታከምና ወደ ማታ ላይ ጋሽ ዛብሎን ግቢ ጎራ ብሎ «ሰለሞን እንዲህ አለኝ፤ እውነቱን ነው?» ይለዋል። እሱም «እውነቱን ነው፤ እሱ ያውቃል» ይል ነበር አሉ። ይህንን የሰማሁ ቀን ልደሰት አቃተኝ።

እንግዲህ ያ ሰው ነው የሞተው። ትርሲት ፊቷን ታጥባ ጥቁር ልብስ ስትፈልግ እኔ አልጋው ላይ እንደተቀመጥኩ ነበር። ለሃያ ምናምን ዓመት ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት።

«ያን ጊዜ ክፍል ስድስት ምን ስታደርጊ ነበር?»

የትኛውን ጊዜ እንደምል አልጠየቀችኝም። በመሐረብ ቋጥራ የወሰደችውን መድኃኒት እንዳሳየችው ነገረችኝ። ካርድ ክፍል የሠራች ሰው የአሜባ መድኃኒት ይጠፋታል ብዬ ማሰቤ ምን ያህል እንደናቅኋት እንዳሳያት ነገረችኝ። ምን እንደሆነ ጠይቃው ነግሯታል። ቀይ አፈር ሂጂ ካልኳት በኋላም ማክሰኞ ተመልሳ ልሂድ ወይ ብላው ነበር። «ባልሽ ታሟል፤ እኔ ጋ ይመጣል። ሳይመጣ እንዳትሄጂ። ካልመጣ እኔ ራሴ ቀይ አፈር ድረስ እሸኝሻለሁ» ብሏታል።

«መድኃኒቱንስ?» አልኳት።

«ዋጥኩት።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። እሱ ሳትመረመሪ አትዋጪው ብሎኝ ነበር። ካልዋጥኩት ግን ምን ደብቀሽ ነው ልትለኝ ነው» አለችኝ። ጥቁር ቀሚሷን ከሣጥኑ አውጥታ አራገፈችው። «የማለቅሰው ለምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ፣ ያን ሐሙስ ከእኛ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አሁን የሚያውቀው ሰው አልቀረም።»

ለቅሶው በጋሽ ዛብሎን ግቢ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበር። መዝሙር ይዘመራል። ከአልዱባ፣ ከቀይ አፈር፣ ከዲመካ የመጣ ወንድ አግዳሚውን ሁሉ ሞልቶት፣ የተረፈው በየበርኮታው መሬት ላይ ተቀምጧል። ነጋዴ አለ፣ ሹፌር አለ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አለ፣ ላባ የሰካ የበና ሽማግሌ አለ። ቆጠርኩና አቃተኝ። ለእኔ ስንት ይመጣ ይሆን ብዬ ማሰቤን አልክድም።

መዝሙሩ ሲያበቃ የሟቹ ትልቁ ልጅ ተነሥቶ ከሩቅ የመጡትን አመሰገነ። «አባታችንን በምን ታውቁት እንደነበር ብንሰማ ያጽናናናል» አለ። የአልዱባው ነጋዴ «እንዲሁ ወዳጄ ነበር» አለ። የአይሱዙው ሹፌር «በመንገድ እንገናኝ ነበር» አለ። የበናው ሽማግሌ በሐመርኛ የሆነ ነገር ብሎ፣ የሚተረጉምለት ሰው «እንተዋወቃለን ነው የሚለው» አለ። እንዲህ እያለ አግዳሚውን ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ልጁ ያውቀኛልና እሱው «ሲስተር ሰለሞን አብረውት የሠሩ ናቸው» ብሎ ሊያልፈኝ ነበር። ወንድ ነርስን ሲስተር ማለት በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ማንም አልሳቀም። በሴቶቹ በኩል ትርሲት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

ተነሣሁ። 

«አብረን ሠርተናል» አልኩ። «የማውቀው ግን በዚያ አይደለም። በሽተኛው ነበርኩ። ሚስቴን ያላደረገችውን ጠርጥሬ ራሴን በበረኪና ሳቃጥል አግኝቶኛል። የጠረጠርኳት ከእሱ ጋር ነበር። እሱ ይህን አውቆ አከመኝ። እሷም አውቃ ዝም አለች። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሃያ ዓመት አልፏል፤ ዛሬ እጠይቃታለሁ።»

 ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ የለቅሶ ቤት ነው፣ የሟቹ ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ልቀመጥ ስል ሹፌሩ ከወዲያ ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም ክፍል ስድስት ነው» አለ።

ከኋላ አንድ ሌላ ድምፅ «እኔም» አለ። ከዚያ ነጋዴው። የበናው ሽማግሌ ሲተረጎምለት ቆይቶ በርኮታውን አንሥቶ ከእኔ ጎን መጥቶ ተቀመጠና ወደ ሜዳው የሚያሳየውን የድንኳኑን በር አየ። የሟቹ ሚስት ነጠላዋ ውስጥ ስትስቅና ስታለቅስ አየኋት። ያን ጊዜም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀናሁ፤ ለእኔ ተነሥቶ «ክፍል አራት» የሚል አንድ ሰው አይኖርም።

ከለቅሶ ቤት ወጥተን ከትርሲት ጋር ሜዳውን አቋረጥን።  ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን ከቦርሳዋ እየፈለገች፣ ሳታየኝ፣ «አሜባው ዛሬ ገና ለቀቀህ» አለችኝ።